መጽሐፉ ላይ ያልነበረው በሬ

አዲስ መጽሐፍ ሽታ አለው። ሙጫና ቀለም ነው ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ዝናብ የመታው አዲስ ሳንቃ ነው የሚሸተኝ። ባለፈው ጥር የልጅ ልጄ እመቤት ወደምትማርበት ትምህርት ቤት አንድ ደራሲ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ ይዞት የመጣውን ካርቶን በልጆቹ ፊት ሲከፍተው፣ ያ ሽታ የፊተኛው ረድፍ ላይ እስከተቀመጥሁበት ድረስ መጣ። አጠገቤ የነበረው ጎረቤቴ አያሌውም ሸትቶት ይሁን ሌላ ነገር አስቦ አላውቅም፣ ዘወር ብሎ አየኝና መልሶ ካርቶኑን አየ። ሁለታችን እዚያ የተጠራነው ትምህርት ቤቱ ጭቃ ቤት ሳለ ከተማሩት ውስጥ በሕይወት የቀረነው እኛ ስለሆንን ነው። ርእሰ መምህሩ፣ የልጄ እኩያ ነው፣ ስለ ድሮው ትንሽ ይንገሩልን ብሎ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። የምነግረው የለኝም ብዬ ሦስት ጊዜ መለስሁት። በአራተኛው እመቤትን ላከብኝ።

እንግዳ አሁን ብርቅ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ የእንግዳ ቀን የሚሉት አላቸው፤ አንዱን ወር ነርስ፣ አንዱን ወር ከዩኒቨርሲቲው ሽቦና አምፖል ይዞ የሚመጣ መምህር፣ ሌላውን ወር ዋሽንት የሚነፋ ሰው ይመጣል። ባጃጅ በሩ ድረስ ያደርሳቸዋል፣ ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። መጥፎ ነው አልልም። በእኛ ጊዜ ግን እንግዳ እስከ አማኑኤል ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነበር የሚመጣው፤ በተማርሁበት ሁለት ዓመት ውስጥም ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሚያሳዩ ሰዎች ጋር የመጣ፣ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በእጁ የሚሄድ ቀጭን ሰው ነበር። እሱ በሄደ ማግስት ሜዳው በሙሉ የልጅ እግር በቀለበት፤ በዚያ ሳምንት የተጠቀመ ቢኖር ወጌሻው ነው፣ ሦስት ክንድ አሽቶ ሦስት ዶሮ በላ። አባቴ፣ ቆሞ የሚሄደውን ልጅ ተገልብጠህ ሂድ የሚል ትምህርት አላየሁም ብሎ ሊያስወጣኝ ነበር፤ እናቴ ናት የያዘችልኝ።

ሁለተኛው እንግዳ ደራሲ ነው። ደራሲ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። መምህራችን መምህር ገሠሠ፣ ሁሉንም ክፍል ብቻውን የሚያስተምር አጭርና ቁጡ ሰው፣ መጽሐፍ የሚሠራ ሰው ነው ሲለን እኔ ፍየል ገፎ ብራና የሚፍቅ መስሎኝ ነበር፤ የማውቀው መጽሐፍ ሠሪ እሱን ነዋ። እንግዳ ሲመጣ ልጅ አቁሞ ማስነበብ ደግሞ ልማድ ነው። አሳምሮ ላነበበ አንድ መጽሐፍ ይሰጣል ተባለ። መምህር ገሠሠ በእንግዳ ፊት መዋረድ አይወድም፤ ከማንበቢያችን አንዲት ገጽ መርጦ ሳምንቱን ሙሉ እሱ እየመራ እኛ እየተቀበልን አስጠናን። ገጿ በሬ ስለጠፋበት ገበሬ ነበረች፤ ገበሬው ጉብታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ሲያይ ታልቃለች።

የእኔን ጉድ ደግሞ ልንገራችሁ። ወደ አስኳላ ከመግባቴ በፊት የኔታ ዘንድ ጥቂት ወራት ፊደል ቆጥሬ ነበር። ፊደል በዜማ ነው የሚቆጠር፤ ገበታውን ከሀ ጀምሬ ስወርድበት እንደ ውኃ ነበርሁ። አንዷን ፊደል ከመካከል ነጥለው ቢያሳዩኝ ግን ከአናት ተነሥቼ እያዜምሁ ካልደረስሁባት አላውቃትም። የኔታ ይህን ሳይደርሱበት አባቴ ወደ አስኳላ አዛወረኝ፤ እዚያም በጆሮዬ ኖርሁ። አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም። ያቺን ገጽ በሦስተኛው ቀን ይዣት ነበር፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ መሥመር ሲያልቅ ዐይን እንዴት እንደሚመለስ፣ ሁሉን እንደሚያነብ ሰው አደርገዋለሁ። መምህር ገሠሠም የማነብ መስሎት ከሁሉ ፊት እኔን መረጠ።

በዚያው ሰሞን የእኛም በሬ ጠፍቶ ነበር፤ ቦቃ የምንለው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። አንድ በሬ የጠፋበት ገበሬ አንድ እግሩን እንዳጣ ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስም። የቦቃ ኮቴ ከአያሌው አባት ሽንብራ ዳር ደርሶ ይጠፋል። አባቴ ይህን አደባባይ አላወጣውም፤ ቤት ውስጥ ግን ከእናቴ ጋር በዝግታ ይነጋገሩበታል፣ እኔም እሰማለሁ። ብያችኋለሁ፣ የሰማሁት አይጠፋኝም።

እንግዳው ረጅም፣ ካፖርት የለበሰ፣ ሳል የያዘው ሰው ነበር። ከቦርሳው ቀይ መጽሐፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስጠራ ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ፤ ያ ሽታ ያኔ ነው የገባብኝ፣ አልወጣም። ገጿን አወረድኋት። ትንፋሽ እየወሰድሁ፣ ዐይኔን እየመለስሁ፣ ገበሬውን ጉብታው ላይ አደረስሁት። መምህር ገሠሠ ደረቱ ተነፋ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መጽሐፉ የእኔ ነበር። እንግዳው ግን ደስ ብሎት፣ ገልብጥና ቀጥል አለኝ።

ገለበጥሁ። ፊደሎቹ ሁሉ ጀርባቸውን የሰጡኝ መሰለኝ። ዝም ብል ቀዩ መጽሐፍ ይቀርብኛል፤ አፌን ከፈትሁ፣ የወጣው ቦቃ ነው። ገበሬው ከጉብታው ላይ የበሬውን ኮቴ አየ፣ ተከተለ፣ ሽንብራ ማሳ ደረሰ አልሁ። ባለማሳው በሬውን ከጎተራው ጀርባ አሥሮ፣ በሬ የሚባል አላየሁም ብሎ ማለ አልሁ። በሩ ላይ ያለውን የኮሶ ዛፍ፣ ወደ መንገድ ያዘመመችውን አጥር፣ ጭራዋ የተቆረጠ ውሻውን ሳይቀር ጨመርሁበት። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ማንበብ የሚችለው አያሌው ብቻ የራሱን መጽሐፍ ገልጦ ሲያይ ቆየና ብድግ አለ።

"መምህር፣ ይህ እዚህ ላይ የለም። የኛን ቤት ነው የሚያነበው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ገሠሠ ፊቱ ጠቆረ። እንግዳው ብቻ እጁን አንሥቶ ልጆቹን ዝም አሰኘና፣ ከዚያስ አለኝ፣ በሬው ተገኘ? እኔ ማንበቢያዬን መሬት ጥዬ ወጣሁ፤ እስከ ቤቴም አልቆምሁ።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የአያሌው አባት ዱላውን ይዞ መጣ፤ ሽማግሌ መሐል ገብቶ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ ለማንም አጎንብሶ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። በሳምንቱ መምህር ገሠሠ አባቴን መንገድ ላይ አግኝቶ እንግዳው ያለውን ነገረው። ይህ ልጅ ማንበብ አይችልም፣ ግን የሚነበብ ነገር አለው ብሎ፣ ቀዩን መጽሐፍ ስሜን ጽፎበት ለእኔ ትቶልኛል። መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ በክፍሉ ፊት አያሌውን ይቅርታ ጠይቆ ይውሰድ፣ ከዚያም ፊደሉን እኔ ራሴ እንደገና አስቆጥረዋለሁ ብሏል።

አልሄድም አልሁ። ቤት የተባለውን እንጂ ምን ጨመርሁ? በጎተራው ጀርባ አሥሮታል የሚለውን ራሴ እንደጨመርሁት ረስቼዋለሁ። አሥር ቀን ሳይሞላ አሞራ ሲያንዣብብ ታይቶ ቦቃ ከገደሉ ሥር ወድቆ ተገኘ። ያኔም አልሄድሁም። እንዲያውም ባሰብኝ፤ አሁን ጥፋተኛ መሆኔ ታውቋላ። አባቴ፣ በቅሎ እንኳ ቤቷን ስታይ ትመለሳለች ብሎ ተወኝ። ሰኔ ላይ መምህር ገሠሠ ተዛወረ፤ በመስከረም አዲሱ መምህር ቁም ሣጥኑን ሲከፍት መጽሐፉ የለም አሉ። ለእኔ የቀረልኝ ስሙ ነው። ልጆቹ ደራሲው አሉኝ፤ እስከ ዛሬ ዕድር ላይ ስገባ፣ ደራሲው መጣ፣ ነገራችሁን ሸሽጉ የሚል አይጠፋም።

ጎልማሳ ሆኜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ፊደሉን እንደምንም ለየሁት፤ የታተመ ከሆነ በጣቴ እየተከተልሁ አነባለሁ፣ የእጅ ጽሑፍ አይሆንልኝም። ልጄ ከውትድርና የጻፈልኝን ደብዳቤ ሁሉ ያነበበልኝ አያሌው ነው። አንድም ቀን ቃል ሳይዘል፣ አንድም ቀን ሳይስቅብኝ አነበበልኝ። ጎረቤት ነን፣ በእርሻና በአጨዳ ወንፈል እንገባለን፣ የአንዱን ሙት አንዱ ይቀብራል። ያችን ቀን ግን አንሥተናት አናውቅም።

ባለፈው ጥር እንግዲህ ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። ስለ ጭቃው ግድግዳ ሁለት ቃል ብዬ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ፤ ሽታው አልተወኝም። በሬውን ከመጥፋቱ እስከ ገደሉ ነገርኋቸው። በመጨረሻም፣ "አንድ ንጹሕ ሰው በእንግዳ ፊት ሌባ አልሁ፣ ይቅርታ ጠይቅ ስባል እምቢ አልሁ። ሰውየው ሞቷል፤ ልጁ ይኸው። አያሌው፣ ይቅር በለኝ" አልሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ለሁሉም ያጨበጭባሉ። አያሌው ከዘራውን አገጩ ሥር አድርጎ መሬት መሬት አየ።

ስንመለስ አያሌው ከፊት ከፊት ሄደ። የአባቱ ሽንብራ የነበረበት ቦታ፣ አሁን ባሕር ዛፍ ነው፣ ስንደርስ ቆመ።

"በሬያችሁ ገብቶብን ነበር" አለኝ። "ጉም ነበር፣ ገደሉ አይታይም። አባቴ በድንጋይ አባረረው፣ እኔም ከጎኑ ሆኜ ወረወርሁ። ወደ ገደሉ ነው ያባረርነው። ሲወድቅ ሰማን።"

እኔም አጠገቡ ቆምሁ።

"አባቴ፣ አፍህን ብትከፍት ብሎ ዝቶብኝ ነበር። ያን ቀን ስታነብ፣ አየኸን እንዴ ብዬ ነው የተነሣሁት።"

አባቱ አሥሮ አልሸሸገውም፣ ሌባ አልነበረም፤ ንጹሕም አልነበረም። አባቴ ያን ድንጋይ በከንቱ ተሸከመ ልበል፣ አልተሸከመም ልበል፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም። ይህን ለማን እነግረዋለሁ ብል ሁለቱም አባቶች አፈር ናቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አልሁት፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። እመቤት ፊደሌን እያቃናችልኝ ይህን ልጽፍ ስነሣ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄጄ፣ ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅሁት። አጥሩን ይጠግን ነበር፤ ቀና ሳይል፣ "ጻፈው፣ ደራሲው አይደለህ" አለኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስሰማው እንደ ስድብ የሚቆረቁረኝ ቃል ያን ጊዜ አልቆረቆረኝም።

ያን ጊዜ ሄጄ ቀዩን መጽሐፍ ብቀበል፣ ፊደሉንም ብማር ምን እሆን ነበር እያልሁ አልቆዝምም። ገበሬ ነኝ፣ ገበሬም እሆን ነበር ይሆናል። የልጄን ደብዳቤ ግን ብቻዬን ተቀምጬ፣ ደስ ያለኝ ላይ እየተመለስሁ ባነበብሁት ነበር። የማርቆሱ ደራሲ በዕለቱ ለእኔም ለአያሌውም አንዳንድ መጽሐፍ ሰጥቶናል፤ በቀን ግማሽ ገጽ እሄዳለሁ፣ ደህና መጽሐፍ ነው። ሽታው ወር ሳይሞላው ጠፋ። የቀዩ ሽታ አሁንም አለ፤ ውስጡ ምን እንደነበረ ግን አላውቅም።