ድልድዩ ላይ እኩል የረገጥን ዕለት

ወገዳ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። በዚያ ሳምንት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ሞገድ ሳስተምር፣ ሁለት ሞገዶች በጊዜ መግጠም አለመግጠማቸውን የሚገልጸውን «ፌዝ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ ቋንቋ ፌዝ ቀልድ ነው፤ ማን ያከብረዋል? ገመድ አምጥቼ ሁለት ተማሪዎችን ጫፍና ጫፉን አስያዝኳቸው። ሁለቱም እኩል ወደ ላይ ሲያነሡት መሐሉ ከእጃቸው በላይ ዘለለ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲያወርድ ግን መሐሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጉልበታቸው ያው ነው፤ የተለያየው ጊዜው ነው» አልኳቸው።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ።

«ፈተና ላይ ይመጣል» ብዬ አለፍኳት።

አርብ ገበያ የምትኖረው እህቴ ታማ ስለነበር በሳምንቱ መጨረሻ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። መንገዱን ዝናብ ስለቆረጠው መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ አወረደን። አብረውኝ የነበሩት ወገዳ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ቁልቁል ወርደን ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከላዩ በሽቦ የተንጠለጠለው የእግረኛ ድልድይ ማንም ሳይረግጠው ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ድምፁ አላማረኝም፣ ልጄ» አሉ አዛውንቱ።

ከኋላችን «መንገድ! መንገድ!» የሚል ጩኸት መጣ። አራት ወጣቶች ምጥ የጠናባትን ሴት ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ተሸክመዋል፤ አንዱ ባሏ ነው። አሥር የሚሆኑ ዘመዶች ይከተላሉ። አሳለፍናቸውና ከኋላቸው ገባን።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛው እንዳይንገጫገጭ እኩል ይረግጣሉ። ባልየው «ግራ! ቀኝ!» ይላል። መሐል ስንደርስ ድልድዩ ጎንና ጎን መወዛወዝ ጀመረ። በመጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ ወደ ግራ ሲያዘነብል ላለመውደቅ ሁላችንም ግራ እግራችንን ጣል እናደርጋለን፤ ያ አረጋገጥ ደግሞ ድልድዩን የባሰ ይገፋዋል። ወደ ታች አየሁ። የእኔም እግር ከእነሱ ጋር እኩል ይወድቃል።

«ቁሙ! አትራመዱ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው እየሞተብን ቁሙ ትላለች እንዴ!» አለ ባልየው ሳይዞር።

«ምን አየሽ?» አሉኝ አዛውንቱ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

«እኩል መርገጣችን ነው የሚወዘውዘው፣ አባባ። ካልቆምን ይገለብጠናል።»

ገበያ የለመደው ድምፃቸው ከወንዙ በላይ ወጣ። «ልጆች! በፈጣሪ ይሁንባችሁ፣ ባላችሁበት ቁሙ!»

ቆሙ። ዘመዶቹ ቁጢጥ አሉ። ድልድዩ ግን ወዲያው አልቆመም። ከኋላችን አንድ ሳንቃ ተነቅሎ ወደቀ፤ ውኃው ሲውጠው እንኳ አልተሰማም። ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ አላውቅም። ውዝዋዜው ሲበርድ «አሁን ማንም የሌላውን እግር አይከተል፤ ሁሉም በየራሱ ይርገጥ» አልኳቸው። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አፋለሱ። ድልድዩ ጸጥ አለ፤ ቃሬዛው ግን ተንገጫገጨ። እስክንሻገር ድረስ ሴትዮዋ በየእርምጃው ስትጮህ ሰማሁ።

ማዶ ስንደርስ ሽቦው የታሰረበት የሲሚንቶ ምሰሶ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ስንጥቁን ያየነው እኔና አዛውንቱ ብቻ ነን። የቀሩት ቃሬዛውን ይዘው ዳገቱን እየሮጡ ወጡ።

ከወር በኋላ ባልየውን አርብ ገበያ አገኘሁት። ሚስቱ ተርፋለች፤ ልጁ ግን ሞቶ ነው የተወለደው። ከበሬ ገበያው ጥግ ቆምን።

«መምህርት፣ ያኔ ባያስቆሙን ኖሮ ልጄ በሕይወት ይደርስ ነበር?» አለኝ።

«ድልድዩ ይገለብጠን ነበር» አልኩት።

«አልገለበጠንም እኮ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ መልስ ይጠብቃል። ስለ ስንጥቁ ነገርኩት፤ አንገቱን ነቀነቀና በሬ ወደሚጎትት ዘመዱ ሄደ።

ስለ ምሰሶው ለወረዳው ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ አንድ ሰው መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ተመለሰ። ባለፈው አርብ ስሻገር ስንጥቁን ለካሁት። አሁን ሁለት ጣት ይገባል። ከወዲያ ማዶ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ቁልቁለቱን ወደ ድልድዩ ይወርድ ነበር።