የግራኞች ቀኝ

ዘንድሮ ቀን የሌለው ነገር የለም። የእጅ መታጠብ ቀን፣ የእንቅልፍ ቀን፣ የሻይ ቀን፤ የጠፋው ሥራ የሚሠራበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ልብስ ስፌት ቤቴ ስገባ ግድግዳው ላይ «እንኳን ለዓለም አቀፍ የግራኞች ቀኝ አደረሳችሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ ደሜ ፈላ። «ቀን» ለማለት ነው። የጻፈችው ቁልፍ የምትሰፋው ልጅ ናት። ስሕተቷን ባሳያት፣ «ያው ነው፣ ጋሼ» ብላኝ እርፍ።

ቤታችን ውስጥ ግራኝ አንዲት ናት፤ ታላቅ እህቴ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠችው፣ እኔንም መቁረጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቅጽል ስሟ «ግራዋ» ነው። የማያውቋት ሰዎች መራራ ስለሆነች ይመስላቸዋል፤ መራራውስ እኔ ነኝ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አውራ ጣቷ ያብጥባት ጀመር። የአንድ ደንበኛ ኮትም ተዛንፎ ተበላሸ። እኔም በቀደም፣ «እታለም፣ ደክመሻል። ከሰኞ ጀምሮ ቁልፍ ስፊ» አልኳት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ መነሳት ለእሷ ከገዛ ቤቷ እንደ መውጣት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

አብረውን የሚሰፉት ሴቶች ለካ ለቀኑ ብለው አዋጥተው ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ ገዝተውላታል።

«ደግሞ መቀስ ግራና ቀኝ አለው?» ብዬ ሳቅሁ።

«እስቲ ሞክረው፣ አንተ ሊቅ» አለች እህቴ።

በቀኝ እጄ ይዤ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አሳረፍኩት። ስለቱ በጠመኔ ያሰመርኩትን መስመር ጋረደብኝ። ጨርቁም በመቆረጥ ፈንታ በስለቶቹ መሀል ይታጠፋል። አጥብቄ ስጫነው እጀታው አውራ ጣቴን ከረከረኝ፤ ልክ እሷን ያበጣት ቦታ ላይ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አላበኝ።

«ምነው፣ ግራ ገባህ?» አለችኝ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ እጅ በተሠራ መቀስ ስትቆርጥ፣ ጣቷ ሲያብጥ፣ ጥፋቱን የእድሜዋ አደረግሁት።

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። ጠረጴዛው ያንቺ ነው» ብዬ መቀሱን ሰጠኋት።

የመጀመሪያው ቆረጣ ተንሻፈፈባት። ሁለተኛው ላይ ድንገት ቆም አለችና ጎንበስ ብላ ጨርቁን አየችው።

«ውይ! ለካ መስመሩ ይታያል!» አለች።

ሠላሳ ዓመት በግምት ነበር የቆረጠችው።