ዳቦ የበሉት ቄስ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከደብረ ታቦር ስንወጣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። የምሄደው ጉና ጥግ፣ የዱሮ ወዳጄ መምሬ ተገኘ ዘንድ ነው። በቅሎ ያከራየኝ ጨው ነጋዴው እንድሪስ ከኋላዬ ይከተላል። የጣልያኑ ሹም በየደብሩ ትእዛዝ ልኳል፦ ከነገ ጀምሮ በቅዳሴ ለንጉሥ ሲጸለይ የሮማው ንጉሥ ስም ይጠራ። እምቢ ያለ ቄስ ይታሰራል።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ

ገብስ፣ ድንጋይ፣ ብርድ፤ ከዚያ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን። መምሬ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡልን።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እንጃ። ባዕድ ስሙን በታቦት ፊት ያስጠራ?»

ልማዴ ነውና ተከራከርኩ። «የእኛዎቹ ነገሥታትስ ሲያስጠሩ ፈቃድዎን ጠይቀው ነበር?»

ድንቹን መላጥ ተዉ። «አልጠየቁም። አንተ ክፉ፣ ይኼን ዛሬ ትነግረኛለህ?»

እሑድ፣ ማለዳ

የሹሙ አስተርጓሚ ከሁለት ባንዳ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል፤ ሊያዳምጥ። አንዲት እናት የአርባ ቀን ልጇን ልታስጠምቅ መጥታለች። መምሬ ቀጥ ብለው ወደ እንድሪስ ሄዱ።

«ስንቅ ይዘሃል?»

«የእስላም ዳቦ ነው፣ መምሬ።»

«ቁረስልኝ!»

በሕዝቡ ሁሉ ፊት ገመጡ። የበላ ቄስ አይቀድስም፤ ደብሩ ያሉት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይገባም።

«ቅዳሴው መቼ ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«በላሁ እኮ፣ ጌታዬ። ራበኝ።»

ነገሩ ገብቶታል። የበላን እሰር የሚል ትእዛዝ ግን አልያዘም። «የዛሬ ሳምንትስ?»

«የሆድን ነገር ማን ያውቃል?»

ሳቅን። እናትየዋ አልሳቀችም።

«ልጄስ፣ አባ?»

ጥምቀቱ ያለ ቁርባን፣ ቁርባኑ ያለ ቅዳሴ አይፈጸምም። መምሬ የተረፈውን ዳቦ ለእንድሪስ መለሱ።

«ከወንዙ ማዶ ያለው ደብር ይቀድሳል። እዚያ ውሰጅው።»

«እዚያ የጣልያኑን ስም ይጠሩ የለ?»

«የጠራው ይጠየቅበት። ልጁ ምን አጠፋ?»

አዝላው ቁልቁለቱን ወረደች። መምሬ እስክትሰወር ቆመው አዩዋት።

እሑድ፣ ማምሻ

ደብረ ታቦር ስንገባ ጣልያን ያሠራው መስጊድ ከሩቅ ይታያል።

«አያቴ ተደብቆ የሰገደበት አገር ነው» አለ እንድሪስ። «አልዋሽም፣ መስጊዱ ሲሠራ ደስ ብሎኛል። አሁን ደግሞ ጁምዓ ለሹማችን ዱዓ አድርጉ አሉን።»

«አንተም እንደ መምሬ ዳቦ ብላ እንጂ!»

«መቼ ተገኝቶ፣ ጌታው! እኛ በልተንም መስገድ አይቀርልንም።»