ከሀ የምትነሳው ይታይሽ

ዛሬ ከአዘዞ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ስልካቸው ላይ ስም እየፈለጉ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያሉ ያንጎራጉራሉ።

ዜማውን አወቅሁት። «ይታይሽ ነሽ?» አልኋት።

«መምህር፣ አሁንም አሉ?» አለችኝ። ያው አለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ትክል ድንጋይ ከተማ አንደኛ ክፍል ያስተማርኋት ናት። «ማር» የሚለውን ለማንበብ የፊደል ገበታው ላይ በጣቷ እየቆጠረች ከሀ ተነስታ እስከ መ ታዜማለች፤ ለረ ደግሞ እንደገና ከሀ። ክፍሉ ይስቃል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሰነፍ ናት ብዬ ከኋላ አስቀመጥኋት።

አንድ ቀን ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት። ለካ ወንድሟ ቄስ ትምህርት ቤት ሲማር ከአጥሩ ውጭ ቆማ እየሰማች ነው የያዘችው። ፊደሉን በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም።

በማግስቱ ከፊት አመጣኋት። እሷ ስታዜም እኔ ፊደሉን በዘንግ አሳያለሁ፤ ክፍሉም ይከተላታል። ዓመቱ ሳያልቅ የሳቁባትን ታስጠና ጀመር።

ዛሬ ስንለያይ ስሟን ልመዘግብ ስልኬን አወጣሁ። «የ» የት እንዳለች ጠፋችብኝና ከንፈሬ ሳላዘው «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ማለት ጀመረ።

«መምህር» አለችኝ፣ «ከኋላ ላስቀምጥዎ?»

እናንተስ፣ ፊደል ሲጠፋባችሁ ከየት ትነሳላችሁ? ከኋላ ያስቀመጣችሁ መምህርስ ነበር?