የመምህር ፍስሐ ያልተጻፉ ሕጎች

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጎማዋ ተነፈሰና ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ጎሚስታው ካላማዳሪውን አውጥቶ ውሃ በሞላባት አሮጌ ሳፋ ውስጥ ነከረው፤ አረፋ የምትተፋዋን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይዞ አደረቃት፣ በሞረድ ፋቃት፣ ከዚያ ማስቲሹን ቀባ። የባጃጁ ሹፌር «ይቅርታ እናቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን ያ የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ አቧራው ጥርሴ መሃል እየተንኮሻኮሸ፣ ከስምንት ወንዶች ጋር አንዲት ቱቦ ማስቲሽ እየተሻማሁ መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጂንካ የስፖርት መምህር ተመደቡልን፤ መምህር ፍስሐ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሱሪያቸውን ካቴና እንዳይበላባቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በመቆንጠጫ አስረው ክፍል የሚገቡ ሰው ነበሩ፤ ብስክሌት ባልያዙበት ቀን እንኳ መቆንጠጫዋን አይፈቷትም። በወጣትነታቸው ሰሜን ውስጥ የታወቁ ተወዳዳሪ ነበሩ ሲባል ሰምተናል እንጂ እሳቸው ስለ ድላቸው ሲያወሩ አልሰማንም። የሚያወሩት ስለ ሥርዓቱ ነበር። ብስክሌት መንዳት እግር ያለው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው፤ ብስክሌተኛ መሆን ግን አስተዳደግ ይጠይቃል ይሉ ነበር።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የብዙ ቀን ውድድር አዘጋጁ። ሰኞ ከጂንካ ቀይ አፈር፣ ማክሰኞ ከቀይ አፈር በአልዱባ አድርገን ቱርሚ፣ ረቡዕ በጭነት መኪና ተጭነን ወደ ቀይ አፈር መመለስ፣ ሐሙስ ከቀይ አፈር ጂንካ። ከመነሳታችን በፊት ዘጠኛችንንም ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሕጎቹን ሊነግሩን ሲጀምሩ፣ እኔ የደንቡን ላድርስ ብዬ ደብተሬን አውጥቼ «አንደኛ» ብዬ ጻፍኩ። አዩኝና እጃቸውን አነሡ።

«መቅደስ፣ እሱን መልሺው። ያልተጻፈ ሕግ ነው እያልኩ አንቺ ትጽፊዋለሽ?»

ስለዚህ በቃል ያዝነው። በቀናቱ ድምር ሰዓት የሚመራው ቢጫ ይለብሳል፤ እሱ ለሽንት ሲቆም ሁሉም ይቆማል፤ በዚያች ሰዓት የሚያመልጥ ሰው ከሌባ አይለይም። መሪው ቢወድቅ ወይም ጎማው ቢፈነዳ እስኪነሳ ይጠበቃል። በአንድ ልጅ መንደር ሲታለፍ ያ ልጅ ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡን ይስማል፤ ሌላው እስኪጨርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጨረሻው ቀን ከተማው እስኪታይ ድረስ እሽቅድምድም የለም፣ እየተጨዋወቱ ነው የሚነዳው። መጨረሻ የወጣም አይናቅም፤ የባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ መብራት እንደሚሰቀል ሁሉ እሱም ፋኖስ ይሸለማል። ባቡር ያየ ማንም ከመካከላችን አልነበረም፤ ፋኖሱን ግን አየነው፣ አዲስ ነበር። የከተማው ጄኔሬተር ካሰኘው የሚነሳ ካላሰኘው የሚተኛ ስለነበር የደጋው መንደር የገዘር ልጅ ደሳለኝ እዚያው ዛፉ ሥር በፋኖሱ ልቡ ተሰረቀ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስቱንም የውድድር ቀን መጨረሻ ለመውጣት የታገለውን ትግል አንደኛ ለመውጣት ቢታገለው ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ሌላ ልጅ ደክሞት ከኋላው ሲቀር ደሳለኝ ወርዶ የሌለ ድንጋይ ከጫማው ውስጥ ሲፈልግ ይህን ያህል ጊዜ ቆየና፣ ልጁ አልፎት እስኪሄድ ድረስ ንቅንቅ አላለም።

ሴት ልጅ ትወዳደር አትወዳደር የሚል ነገር በተጻፈውም ባልተጻፈውም ውስጥ ስላልነበረ መምህር ፍስሐ ተቀበሉኝ። ያስቸገረው አባቴ ነው። አባባ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር፤ የምነዳውም ብስክሌት የቢሮው ሆኖ የንብረት ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ሦስት ቀን እምቢ ብሎ ሰነበተና በአራተኛው ቀን ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመስጠት» ይላል። ከታች ደግሞ ልጄም ሆነች ብስክሌቱ በነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ በጥብቅ ያሳስባል። እናቴ ማኅተም እንዳያደርግበት እጁን ይዛ ከለከለችው። የቤት አያያዝ አስተማሪዋ እትዬ አልማዝ በጭነት መኪናው ላይ ሆነው እኔን ብቻ እንዲጠብቁ ተመደቡ፤ መኪናው አብሮን በሄደበት ሁሉ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

የመጀመሪያውን ቀን ያሸነፈው ኦይታ ነበር፤ የአልዱባ ልጅ፣ ጂንካ ዘመድ ቤት ሆኖ የሚማር፣ እግሩ ረጅም፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ቀልድ። ቢጫውን ለበሰ። ቢጫው ማልያ እንዳይመስላችሁ፤ የመምህር ፍስሐ ባለቤት በእጃቸው የሠሩት ባለ ወፍራም ክር የሱፍ ሹራብ ነው፣ አንገቱ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ለገዘር ብርድ ይሆን ነበር። ኦይታ በማግስቱ ያንን ለብሶ ወደ ሐመር ቆላ ሲወርድ ላቡ ከክርኑ እየተንጠባጠበ፣ መሪ የሚሆን ሰው ይህን ያህል ምን አጥፍቶ ነው እያለ ጠየቀን።

ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ነው። ከሩቅ ፍየሉና ሰዉ ሲታየን ኦይታ በሕጉ መሠረት ቀድሞን ሄደ፤ እኛም በሕጉ መሠረት ቀስ አልን። ስንደርስ ኦይታ የለም። ብስክሌቱ አንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ በአክስቶቹ ተከቦ ግራር ሥር ተቀምጧል። እናቱ ልጄ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሳይበላ አይሄድም አሉ፤ አጎቱ ደግሞ ጓደኞቹም ሳይጠጡ አይሄዱም አሉ። መምህር ፍስሐ ከጭነት መኪናው ወርደው ይህ ውድድር እንደሆነ በትሕትና ለማስረዳት ሞከሩ። ኦይታ አስተረጎመ። አጎትየው በጥሞና አዳመጡና አንድ ነገር ጠየቁ፤ ኦይታ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ማን ነው የሚያባርራችሁ?» ሆነ። መምህር ፍስሐም ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ቦርዴ የሚባለው የእህል መጠጥ በትልቅ ቅል ቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ መረቁን፣ ቅሉ ዞሮ ተሞላ፣ እንደገና ዞረ። እኔ እትዬ አልማዝ እያዩኝ ስለነበር ከንፈሬን አርጥቤ አሳለፍኩ።

ከአልዱባ አብረን ነው የወጣነው። እኔ ማምለጥ አላመለጥኩም፤ እነሱ ናቸው የቀሩት። ቦርዴው ከፀሐዩ ጋር ተገናኝቶ አንዱን በአንዱ ላይ ጣላቸው፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ ኦይታ ሹራቡን እንደለበሰ ቱርሚ ሳይደርስ ዲመካ አካባቢ ጥላ አግኝቶ ተጋደመ። ቱርሚ ስገባ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ከአቧራ በቀር ማንም የለም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ታምራት ደረሰ። ታምራት የጂንካ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከመካከላችን ማርሽ ያለው ብስክሌት የነበረው እሱ ብቻ ነበር፣ በዚያ ላይ ለመምህር ፍስሐ ሕጎች ፊት አይሰጥም። ያልተጻፈ ነገር ማንንም አያስርም ብሎ ሲከራከር ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ሹራቡ በኦይታ ላብ እንደራሰ ወደ እኔ ተላለፈ፤ ጉልበቴ ላይ ደረሰ።

ሐሙስ ጠዋት ከቀይ አፈር ስንነሳ እትዬ አልማዝ መንገዱ ያደርቅሻል ብለው ሁለት ኩባያ ውሃ አስጠጡኝ፤ እሳቸው ያዘዙትን እምቢ ማለት አይታሰብም። ጭነት መኪናው ለሽልማቱ ዝግጅት ቀድሞን ሄደ። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ በጨዋታ ነው የምንነዳው፤ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ብቻ መሳቅ አልቻልኩም። የሽንቱን ሕግ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን ሕጉ የወጣው ለወንድ ነው። እጄን ባነሳ ስምንት ወንድ ሊቆምልኝ ነው፤ ባላነሳ ደግሞ ጂንካ የምደርስበት ሁኔታ አባባ በደብዳቤው ካሳሰበው ውጭ ሊሆን ነው። አንድ ዳገት ታገስኩ። አንድ ቁልቁለት ታገስኩ። ቁልቁለቱ ጠጠር ነበረበት፤ እዚያ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና እጄን አነሣሁ።

ሁሉም ቆሙ። ለምን እንደቆምን ገባቸው። ብስክሌቴን ጥዬ ወደ ቁጥቋጦው ስሮጥ ከኋላዬ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሊስቅ ሲል የኦይታን ድምፅ ሰማሁ።

«ዝም በል። አሁን እኛ ዛፍ ነን። ዛፍ ወደ ኋላ አያይም።»

መንገዱን ተሻግረው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተሰለፉ። ኦይታ ይባስ ብሎ ከብት የሚነዳበትን ዘፈን ጮክ ብሎ ጀመረ፤ ምንም ነገር እንዳይሰማ መሆኑ ገብቶኛል። ስመለስ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። ታምራት የለም፤ ከኩርባው ወዲያ አቧራው ብቻ ይታያል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ኦይታ ብስክሌቱን አነሣና «እንያዘው?» አለ። እኔ ማልቀስ መጣብኝ፤ መሸነፌ አይደለም ያስለቀሰኝ፣ ታምራት ጂንካ ሲደርስ ቢጫ ለባሿ የት ቀረች ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አባባ በቆመበት የሚናገረው ነገር ነው።

ያሉንን እግሮች ሁሉ አውጥተን ነዳን። ሁለት ኩርባ አልፈን፣ ከአንዲት ትንሽ ድልድይ አጠገብ፣ ታምራትን ብስክሌቱን ገልብጦ ቁጢጥ ብሎ አገኘነው።

«ካቴናዬ ወልቆ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ።

ካቴናው ቦታው ላይ ነበር፤ እጁ ላይም ቅንጣት ግራሶ አልነበረም። ስምንታችንም አየነው። ኦይታ ወርዶ ፔዳሉን በእጁ ሁለት ጊዜ አዞረና «አሁን ተስተካክሏል» አለው፤ ታምራትም ተነሥቶ ከእኛ ጋር ሄደ። ያንን ቀን ስለ ካቴና ማንም አላነሣም፤ ይኸው ከዚያ ወዲህም አላነሣንም።

ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ የምንጨርሰውም እዚያ ነው። ሐሙስ አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን ስለነበር ሕዝቡ ግማሹ እኛን፣ ግማሹ አውሮፕላኑን ሊያይ ወጥቷል፤ ሣሩን የሚግጡት ላሞች ግን እኛንም አውሮፕላኑንም አልጠበቁም። ሜዳው ላይ እሽቅድምድም ስለሚፈቀድ ታምራት በሚገባው ቀድሞ ገባ፤ የሦስቱ የውድድር ቀናት ድምር ግን የእኔ ሆነ። ደሳለኝ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጥጆችን አሳልፎ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ መጣ።

የጭነት መኪናው ጎኑ ተከፍቶ መድረክ ሆነ። በሥርዓቱ አሸናፊውን ሁለት ልጃገረዶች ጉንጩን ይስሙታል፤ የተመረጡት ሁለቱ የክፍሌ ልጆች ስለነበሩ አቅፈውኝ አለቀሱ፣ ወንዶቹ ይህ ሁሉ ፔዳል የተረገጠው ለዚህ ነው ወይ ብለው አጉረመረሙ። ሽልማቱን ሊሰጡ የተጠሩት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን በመጣው አውሮፕላን ላይ ቦታ አግኝተው ለስብሰባ ሄደዋል። ንግግሩን ከሳምንት በፊት ያረቀቀው አባባ ስለነበር፣ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ስለነበር፣ ገፍተው አወጡት።

መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን ዘረጋ። ሊያሸንፍ የሚችለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ የጻፈው ነው፤ ሌላ ቃል መጨመር ደግሞ በእሱ ቤት ሰነድ ማበላሸት ነው። ስለዚህ የጻፈውን እንዳለ አነበበ።

«የተከበሩ አሸናፊ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ይህን አድካሚ መንገድ በሥነ ሥርዓት በመፈጸምዎ ጽሕፈት ቤታችን በእርስዎ ኮርቷል።»

«ጽሕፈት ቤታችን» የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና የቀረውን በቃሉ ጨረሰ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና እንደ ባለሥልጣን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ከዚያ ከጭነት መኪናው ወርደን ወደ ቤት ሄድን፤ ብስክሌቱን እሱ እየገፋ፣ እኔ ከጎኑ፣ እስከ በራችን ድረስ።

ውድድሩ ሦስት ዓመት ቆየ። መምህር ፍስሐ ሲዛወሩ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ስለ አበል ክርክር ተነሣ፣ ነገሩ ቀረ። አሁን አስፋልት አለ፤ ከቀይ አፈር ጂንካ አንድ ሰው ስልኩን እየነካካ ሳያስበው ይደርሳል። አውሮፕላኑም ከከተማ ወጥቶ ያርፋል። ኦይታ ዲመካ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ታምራት ሐዋሳ ከገባ ቆየ፣ ለበዓል ይደውልልኛል። አባባ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እኔም ዕድሜዬ ገፋ፣ ወንበርም አገኘሁ፤ ዛሬ ከጥበቃው እስከ ዞኑ ኃላፊ፣ ገና ከተመረቀው ሠራተኛ እስከ ባለጉዳዩ፣ ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ ይውላል። አንዱም ግን ሲለው መነጽሩን አያወልቅም፤ አንዱም ብሎኝ ሲጨርስ፣ አባባ ያን ቀን ቤታችን በር ድረስ እንዳደረገው፣ ብስክሌቴን አይገፋልኝም።