ሦስታችንም ሳንሰበሰብ የማይከፈት ደብዳቤ

በሆቴሉ ምድር ቤት አንሶላ የምታጥፈውን ልጅ የሥራ ባልደረቦቿ «ፕሮፌሰሯ» ይሏታል። ማሽኑ አጥቦ እስኪጨርስ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ባዮሎጂ ስለምታነብ ነው። ከእናቷና ከሾፌሩ ወንድሟ ጋር ጥገኝነት ከጠየቁ ስድስት ዓመት ሞላቸው፤ የይግባኙ ውሳኔ እስካሁን አልመጣም። እሷ ግን በሦስተኛ ሙከራዋ ፈተናውን አልፋ ኮሌጅ ገብታ የላቦራቶሪ ሙያ ልትማር ነው። የቀራት መንግሥት ለጥገኝነት ጠያቂ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ብቻ ነው። ያለ እሱ እንኳን የትምህርቱን ክፍያ የመጽሐፉንም አትችለው።

እነሱ ቤት አንድ ሕግ አለ። የመንግሥት ደብዳቤ ማንም ብቻውን አይከፍትም። «ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኗል» የሚለው የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ እናትየው ብቻቸውን ነበሩ፤ ደረጃው ላይ ተዘርረው ያገኛቸው ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ፖስታ ሲመጣ ሦስቱም እስኪሰበሰቡ ማቀዝቀዣው ላይ ይቀመጣል። ሾፌሩ ደግሞ ብቅ የሚለው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ይህን ሕግ ለመንግሥትም የነገረው ሰው የለም እንግዲህ!

የድጎማው ደብዳቤ የደረሰው ሾፌሩ በሄደ ማግሥት ነው።

«እማዬ፣ ልክፈተው?»

«ተዪ ልጄ፣ ወንድምሽ ይምጣ። ክፉ ቢሆንስ?»

አልተከራከረችም። እውነቱን ለመናገር እሷም ፈርታ ነበር።

ቅዳሜ ሾፌሩ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበቡ። ጮክ ብላ አነበበች፤ ድጎማው ተፈቅዶላታል። እናትየው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ወንድሟ እየሳቀ ከነወንበሯ ብድግ አደረጋት። ዓይኗ የወረቀቱ ግርጌ ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ ተፈርሞ ካልተመለሰ ድጎማው ይሰረዛል ይላል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ወረቀቱን አጠፈችና እንደ ወንድሟ ሳቀች።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ ቢሮው ሄደች። መስታወቱ ጀርባ ያሉት ሰውዬ ክፉ አልነበሩም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

«ደብዳቤው መቼ ደረሰሽ፣ እህቴ?»

«ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትከፍቺው?»

የእናቷን ነገር በዚያች ቀዳዳ በኩል ከየት ጀምራ ታስረዳ? ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል።

«ወንድሜን እየጠበቅን ነበር» አለች።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። «ድጎማሽ ለተጠባባቂ ተማሪ ተላልፏል። ለሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ አመልክቺ።»

«ፈተናውንም?»

«ፈተናውንም።»

እንደምንም ቤት ደርሳ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። እናትየው ገና ፊቷን ሲያዩ ገባቸው።

«ምን አሉሽ?»

«ኮታው ሞልቷል አሉ። እነሱው ናቸው የተሳሳቱት።»

እናትየው አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን ማሻሸት ጀመሩ።

«እንኳንም አብረን ከፈትነው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻሽን አንብበሽው ቢሆን ይሄን ሁሉ ብቻሽን ትሸከሚው ነበር።»

«እውነትሽን ነው፣ እማዬ» አለች።