ድምፁ ብቻ የቀረው ፕላዝማ

ሰሞኑን የምሠራበት ሆቴል አሮጌ ቴሌቪዥኖቹን ቀየረ። ሁለት ጎረምሶች አንዱን ፕላዝማ እያቃሰቱ ደረጃውን ሲያወርዱ፣ «ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉበት!» አለ አንደኛው። እኔ አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ዝናሽ ትዝ አለችኝ።

ዝናሽ የብልባላ ልጅ ናት። ላሊበላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አብረን ተከራይተን፣ ከየቤታችን በገበያተኛ የሚላክልንን ድርቆሽና የሽምብራ ቆሎ እየተካፈልን አሥረኛ ክፍል ተማርን። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፦ አገር አቀፍ ፈተናውን ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ለማታውቀው ሰው ትዳራለች።

ያኔ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ክፍሉ ውስጥ በተሰቀለው ፕላዝማ ይመጣ ነበር። ፕላዝማው ሁልጊዜ እንደ ንብ ጥዝ ስለሚል አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅናቸው።

«በሁለት መስታወት መካከል ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ውስጣቸው ጋዝ ታምቋል» አሉን። «ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ያበራል። ጥግ የተቀመጠውም ቁልጭ አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው። ግን መብራት ይበላል፣ ይግላል። አንድ ምስል ከቆየበትም ጥላው አይለቀውም። እንደኛ ያለ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ይጮሃል።»

ዝናሽ ሁልጊዜ ከፊት ትቀመጥ ነበር። የስክሪኑ ሙቀት ፊቷን ሲለበልበው እንኳ ዓይኗን አትነቅልም። መብራት ከጠፋ ግን ያመለጠው አመለጠ፤ የአዲስ አበባው መምህር አይጠብቀንም።

ግንቦት ላይ፣ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት በሚሞጅርበት ወቅት፣ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ኖሮ ፕላዝማው ጠቆረ። ድምፁ ብቻ ቀረ። የሒሳብ ትምህርት ነበር። ከጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሰውየው «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ይላል፤ ምንም የምናየው የለም። ልጆቹ ሳቁ። ዝናሽ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምኑን ነው የምናየው?»

የሒሳብ መምህራችን ጠመኔ አንስተው ከድምፁ ጋር እኩል ሊስሉልን ሞከሩ። ድምፁ ቀደማቸው። የሳሉትን አጠፉ፣ ደግመው መስመር ሳሉ፣ አጠፉ። በመጨረሻ ፕላዝማውን ዘጉት።

«ልጆቼ፣ ፈተናው ደርሷል» አሉ። «የቻልነውን እንሞክር።»

እሑድም ሳይቀር እያስጠኑን ሞከርን። ያመለጠን ትምህርት ግን ብዙ ነበር።

ውጤት ሲመጣ እኔ ለጥቂት አለፍኩ፤ ዝናሽ ለጥቂት ወደቀች። አባቷ ዝናብ እየወረደባቸው አህያቸውን እየነዱ መጡ። ዝናሽ እግራቸው ላይ ተደፋች።

«አባዬ፣ አንድ ዓመት ብቻ ይታገሱኝ። በግል ልፈተን።»

«ቃሌን ሰጠሁ እኮ ልጄ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ፍራሿን ጭነው ወሰዷት። ጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ እስከ ከተማው ዳር ተከተልኳት። ዞራ አላየችኝም።

አምና ብልባላ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። አንገት ላንገት ተቃቀፍን። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ እኔም ጠየቀችኝ። ስለ ትምህርት እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ሰው በአንድ ክፍል፣ አንድ ቆሎ እየበላ ኖሮ እንዲህ በጥቂት ነጥብ ይለያያል። ልሰናበት ስል የፌስታሌን አፍ ከፍታ ሽንኩርት ሞላችልኝ፤ «እምቢ እንዳትይኝ» አለች። እምቢ አላልኳትም።